ኦቦ ገመቹ ዛፉ ላይ

ትናንት አንዲት የማላውቃት ተማሪ መልእክት ላከችልኝ። ገጼ ላይ ያለውን የሰፈራችንን ሻይ ሻጭ የእትዬ አስካለን ፎቶ ለመመረቂያ ጽሑፏ ሽፋን ማድረግ ፈልጋ ፈቃድ ጠየቀችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ሐሳቤ መቱ አጠገብ ወዳለችው ሁሩሙ ሄደ።

ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ሰሞን ነው። ሁሩሙ ጓደኛዬ ጫልቱ ቤት ሰንብቼ፣ አባቷ ኦቦ ገመቹ ቀፎ ሊሰቅሉ ረጅም ዛፍ ላይ ሲወጡ ፎቶ አነሳኋቸው። ፎቶው ደስ አለኝና ገጼ ላይ ለጠፍኩት። ከወር በኋላ ጫልቱ ደወለች።

«መቱ ያለ አንድ ማር ሻጭ የአባቴን ፎቶ ማስታወቂያ አድርጎታል። ‹ከራሳችን ቀፎ› ይላል። እዚህ ደግሞ የዚያ ሱቅ ማር ስኳር አለበት ይባላል፤ ሰዉ አባቴ የሚያቀርብለት መስሎታል። አባቴ ዛሬ ማሩን ሳይሸጥ ከገበያ ተመለሰ።»

እኔ ባጃጅ ውስጥ እንኳ «ወራጅ» ለማለት የምጨነቅ ነኝ። ሁለት ቀን መቱ፣ ሱቁ ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ገጽዎ ላይ ያለው ፎቶ... የኔ ነው።»

ባለሱቁ ጋሼ ሽኩር ስልካቸውን አውጥተው አዩት። «ዛፍ ላይ ያሉት እኮ ሽማግሌ ናቸው። አንቺ የቱ ጋ ነሽ?»

«ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ ኢንተርኔት ላይ ወድቆ ያገኘሁት መስሎኝ!»

የኦቦ ገመቹን ነገር ስነግራቸው ሳቃቸው ጠፋ። ፎቶውን ወዲያው ከገጻቸው አጠፉት። «ወሬው ግን ገበያ ውስጥ ነው፤ እዚያ ቢናገሩልኝስ?» አልኩ።

በገበያው ቀን አብረን በሚኒባስ ወደ ሁሩሙ ሄድን። መንገዱ ዳር ቀይ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ጋሼ ሽኩር ገበያተኛው መሀል ቆመው፣ ከእኔ በተሻለ ኦሮምኛ፣ ከኦቦ ገመቹ ማር ገዝተው እንደማያውቁ፣ ፎቶውንም ሳይጠይቁ እንደወሰዱ ተናገሩ፤ ይቅርታም ጠየቁ። አንዲት የድሮ ደንበኛ ማሩን በጣቷ ቀመሰችና ዕቃዋን አቀረበች። ሌሎችም ተከተሏት።

ኦቦ ገመቹ እሸት ማር በኮባ ቅጠል ሰጡን። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«እኚህ ሰው አንቺን ሳይጠይቁ ወሰዱ።»

«አዎ፣ ኦቦ።»

«አንቺስ ማንን ጠይቀሽ ለጠፍሽው?»

ማሩ አፌ ውስጥ ቀረ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው ክንዳቸውን ዳሰሱ። «ሸሚዜ እዚህ ጋ ተቀዶ ነበር። ብትነግሪኝ ወርጄ የበዓሉን እለብስ ነበር።»

ለካ ያን ሁሉ ቀን ፎቶዬን ሳስመልስ፣ የሳቸው መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አልለጥፍም። እትዬ አስካለም የፈቀዱልኝ ለገጼ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሄጄ የተማሪዋን ጥያቄ ነገርኳቸው። ስልኬን ተቀብለው ፎቷቸውን አተኩረው አዩት።

«መጽሐፍ ላይማ በዚህ ሻሽ አልወጣም» አሉ። «ልጅቷ እስከ ነገ ትታገስ። ሹሩባ ልሠራና ሌላ ታነሺኛለሽ።»

ለተማሪዋ እንደዚያው ብዬ ጻፍኩላት።