አጎቴ ያላየው ቪዲዮ

የዋይፋይ ሳጥን ላይ ያቺ አረንጓዴ መብራት ጠፍታ ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ልጆቼ "ማም፣ ሪላክስ!" ይሉኛል። ምን ያውቃሉ!

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በሰው አገር፣ አውሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ነበር የምንኖረው። አንድ ረቡዕ አባቴ ከትምህርት ቤት ወሰደኝና ሎውሪ የሚባለው ሰፈር ጋ መኪናውን ፓርክ አደረገ። ፊቴን ሳያይ፣ "አጎትሽ አርፏል" አለኝ። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አዝላ ያሳደገችው።

"መርዶው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከሥራ የሚያርፉት ያን ቀን ነው። እናትሽ ፌስቡክ ላይ እንዳታየው ዋይፋዩን ነቅያለሁ። ትንፍሽ እንዳትዪ!"

ሦስት ቀን ሙሉ!

ቤት ስንገባ በርበሬ የገባበት የስፓጌቲ ሱጎ ሸተተን። እናቴ እያንጎራጎረች ታማስላለች። ከሃቫና ስትሪት ለአጎቴ ስልክ ገዝታለች፤ እሑድ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰውም አግኝታለች።

"ነይ እስቲ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ። ፊደሉን ትልቅ አድርጊለት፤ ስኳሩ ዓይኑን አድክሞታል" አለችኝ።

ምን ላድርግ? ለሞተ ሰው ፊደል አተለቅኩ። አባቴ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ሹካው ላይ ስፓጌቲ ይጠቀልላል። "ኢንተርኔቱን ምን ነካው?" ስትለው "እየጠገኑት ነው" አላት፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ሐሙስ ደግሞ "ስልኩን ሲከፍት እንዲያየኝ ቪዲዮ ቅረጪኝ" አለች። ፀጉሯን አበጥራ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። "ወንድምዬ፣ መድኃኒትህን እየወሰድክ ነው?" አለችና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም አለች። ስልኩ ከእጄ ሊያመልጠኝ ሲል "ኧረ አጥብቀሽ ያዢው!" ብላ ሳቀችብኝ።

አባቴን ያን ቀን ጠላሁት። ሽማግሌዎቹንም፣ ወጉንም ጠላሁ። ጓዳ ተከትዬው ገብቼ "አሁኑኑ ንገራት!" አልኩት።

"ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንስ? ሰው ከብቧት ታልቅስ" አለኝ።

ከብቧት! እስከዚያ እኛ ምኗ ነበርን?

ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ኮሪደሩን ሞልተውታል። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ገባት። "ወንድሜን!" ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጧት፤ ደረቷን እየደቃች ቆየችና ድንገት ዞር ብላ አየችኝ።

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

ዓይኔን ወደ አባቴ መለስኩ።

"እያወቅሽ ነው የቀረጽሽኝ?"

አባቴን በሳምንቱ ይቅር አለችው፤ "ወግ ነው፣ ምን ያድርግ" ብላ። ወግ እሱን አዳነው፤ እኔን ግን ማን ያድነኝ? ዛሬም ያንገበግበኛል። እኔንም ይቅር እንዳለችኝ ትነግረኛለች፤ ስታቅፈኝም አምናታለሁ። ግን ይኸው ስንት ዓመት፣ ከልጆቼ ጋር ላነሳት ካሜራ ባወጣሁ ቁጥር፣ ምንም ሳትል ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች።