ገደል የገባችው ልጅ መጨረሻ

ልጅ እያለሁ ያንድ ፊልም ግማሹን ብቻ አየሁ። የቀረውን ግማሽ ያየሁት በዚህ ዓመት ነው፤ አሜሪካ፣ ስኔልቪል ከተማ፣ ልጄ ቤት፣ ሶፋ ላይ፣ ጉልበቴን በብርድ ልብስ ሸፍኜ። በመሃል ወደ አምሳ ዓመት አልፏል።

የከፈተችው የልጅ ልጄ ሰሚራ ናት። የቻይኖች የድሮ ተረት ነው፤ አሁን እንደገና ተሠርቶ፣ ሰው በአየር ላይ እየበረረ በሰይፍ የሚዋጋበት። እኔ ሹራቤን እየሠራሁ ነበር፣ ብዙም አላየሁትም። አንድ ሽማግሌ ለአንዲት ልጅ ቀዳዳ ባልዲ ሰጥቶ "ውሃ ሳይፈስብሽ ተራራውን ውጪ" ሲላት ግን እጄ ቆመ።

"እማማ፣ አር ዩ ኦኬ? ፖዝ ላድርገው?" አለችኝ ሰሚራ።

"ተይው ይሂድ" አልኳት። ልጅቷን አውቃታለሁ። ሞታለች ተብዬ ነበር።

ያደግሁት ደሴ ነው። በሰፈራችን የቀበሌ አዳራሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልም ይታይ ነበር። ፊልሙ የሚናገረው በቻይንኛ ስለሆነ ጋሽ ታምሩ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ሹፌር ከመጋረጃው ጎን ቆመው በድምፅ ማጉያ ይተረጉሙ ነበር። ቻይንኛ እንደማይችሉ ሁሉም ያውቃል። ደስ ያላቸውን ነው የሚሉት። ተራራው ጦሳ፣ ወንዙ ቦርከና ይሆናል፤ ንጉሡ ወታደሩን "አንተ የሰኞ ገበያ ሌባ!" ብሎ ሲቆጣ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከወንድሜ ከሰዒድ አፍ ነበር። ሴት ልጅ አትገባም የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ አልተለጠፈም፤ የገባች ግን አልነበረችም። ሰዒድ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ከፊልም ሲወጣ የጎረቤት ግንብ ላይ ተቀምጦ ለሰፈሩ ልጆች ይተርክ ነበር። አተራረክ አይችልም። "ከዚያ መታው፣ ከዚያ ያኛውም መታው" ነው ጨዋታው። እኔ ያንኑ ሰምቼ በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ለክፍል ጓደኞቼ ሳወራ፣ ጉሙንም የፈረሱን ኮቴም ጨምሬ ነበር። ውሎ አድሮ ግንቡ ሥር ያሉት ልጆች "ሰዒድ፣ አንተ ዝም በል፣ ዘይነብ ትንገረን" ማለት ጀመሩ። ሰዒድ ይስቅ ነበር። ሳቁን ያኔ አላነበብኩትም።

በክፍል ቢቀድመኝም የሒሳብ የቤት ሥራውን የምሠራለት እኔ ነበርኩ። አንድ ሳምንት "ፊልም ካልወሰድከኝ አልሠራም" አልኩት። ሳይከራከር ካኪ ሱሪውንና የሱፍ ቆቡን ሰጠኝ። ሱሪው ላብና ጠመኔ ይሸታል፤ ወገቤ ላይ በገመድ አሰርኩት። ሹሩባዬን ቆቡ ውስጥ ደብቄ፣ አንገቴን ሰብሬ ገባሁ። አዳራሹ በዝናብ የራሰ ካፖርትና የሽምብራ ቆሎ ሽታ ነበረው። ከኋላ የሚመጣው ብርሃን ውስጥ አቧራው ሲጨፍር አየሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልጅቷ ከሽማግሌው ዘንድ ሰይፍ ትማራለች። የሽማግሌው ልጅ አብሯት ይማራል፤ አብረው ይበላሉ፣ እንደ ወንድሟ ነው። እሷ ስትበልጠው ጊዜ፣ ገደል አፋፍ ላይ ሰይፏን ነጥቆ ገፈተራት። ገና እየወደቀች ሳለ ፊቴ ላይ ባትሪ በራ። አባዬ ናቸው። ቆቤን ሲነጥቁኝ ሹሩባዬ ትከሻዬ ላይ ወረደ።

"ጎበዝ፣ ቻይናይቱ ወድቃ እኛው ዘንድ ደረሰች!" አሉ ጋሽ ታምሩ በድምፅ ማጉያው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከአባዬ ኋላ ሰዒድ ቆሟል። ከአጠገቤ መቼ እንደተነሣ እንኳ አላየሁም ነበር።

አባዬ አልመቱኝም። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" አሉ። ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ማክሰኞም። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እዚያው ቀረሁ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ዳሩኝ። ያንን እዚህ አልጽፈውም።

ሰዒድን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ልጅቷ ምን ሆነች?" አልኩት።

"ሞተች" አለ ከምሳው ቀና ሳይል።

"ገደል ገብታ?"

"ገደል ገብታ። አለቀ።"

አመንኩት። ከገደል የሚወጣ የለም ብዬ የተሰጠኝን ሁሉ ተቀበልኩ። በዚያ ዓመት ሰዒድ በሒሳብ ወደቀ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ኋላ ግን ተምሮ፣ አሜሪካ ገብቶ፣ ዛሬ ፒችትሪ ኮርነርስ በሚባል ከተማ ባለ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኢንጂነር ነው። እኔንም ያመጣኝ እሱ ነው። ይህን አልክድም፤ እሱም አያስረሳኝም። መጥቼ ሃያ ሁለት ዓመት የሆቴል አንሶላ አጠብኩ።

ሰሚራ የከፈተችው ፊልም ላይ ግን ልጅቷ አልሞተችም። ገደሉ ወገብ ላይ የበቀለ የዛፍ ሥር ይዛ ተንጠለጠለች። ስትወጣ ዓመታት ፈጅቶባት ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ያ የገፈተራት እግሯ ሥር ወድቆ ሲለምናት አልገደለችውም፣ ይቅርም አላለችውም። ሰይፏን ወሰደች፣ ቀዳዳ ባልዲዋን አነሣች፣ ተራራውን ወጣች። ሰሚራ ፊቴን እንዳታይ ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሣሁ።

ለኢድ ሰዒድ ልጄ ቤት ምሳ መጣ። እንግዶች ሲበዙ ሁልጊዜ የሚያወራት ጨዋታ አለችው፤ እሷኑ ጀመረ። "ዘይነብ ሱሪዬን ለብሳ፣ በገመድ ታጥቃ..." ወጣቶቹ ሳቁ። ሌላ ጊዜ ሰሐን አንሥቼ ኩሽና እገባ ነበር። ያን ቀን ተቀመጥኩ።

"ሰዒድ፣ የልጅቷ መጨረሻ ምን ነበር ያልከኝ?"

"የቷ ልጅ?"

"ገደል የገባችው።"

"ኧረ ዘይነብ በአላህ! የስንት ዘመን ፊልም!"

"ሞተች ብለኸኛል።"

"ብዬ ይሆናላ። እኔ መቼ አየሁትና? አባዬን ተከትዬ ወጣሁ እኮ። ተመልሼ ልገባ ስል በሩን ዘጉብኝ።" ሳቀና ሥጋ ቆረሰ።

እናቴ "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ትል ነበር። እሱ ግን መርሳት እንኳ አላስፈለገውም፤ መጀመሪያውኑ ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

"አንክል፣ አልሞተችም እኮ!" አለች ሰሚራ። "እማማ፣ ንገሪያቸው!"

ነገርኳቸው። ከቀዳዳው ባልዲ ጀምሬ፣ ጉሙንም የፈረሱን ኮቴም ሳልተው። ከአምስተኛ ክፍል ወዲህ ሰው ፊት ስተርክ የመጀመሪያዬ ነው። ወጣቶቹ መብላት አቆሙ። ሰዒድ ስልኩን እየነካካ ቆየና ስጨርስ፣ "ድሮም ከኔ አንቺ ነበርሽ የምትችይው" አለ። እንዲሁ እንደ ዋዛ። ከዚያ ሰላጣ እንዲያቀብሉት ሰሐኑን ዘረጋ።

ያውቅ ነበር። ያኔም ያውቅ ነበር። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር አባዬ ፊት ቢላት ኖሮ!

ሰላጣውን አላቀበልኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ሰሚራ ሱሪዋን ለብሳ፣ ፀጉሯን ቆብ ውስጥ ወትፋ፣ ቢጫው አውቶቡስ ላይ ወጣች። ዞር ብሎ ያያት ሰው የለም። እኔ በመስኮት አየኋት፤ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆሜ። ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ናት።