የእትዬ መርፌ

ፋብሪካችን ጊዜያዊ ሠራተኛን በየጥቂት ወሩ ለሳምንት ያህል ያሰናብትና እንደ አዲስ መልሶ ይቀጥር ነበር። አዲስ የሆነ ሰው ፈቃድም፣ ክሊኒክም፣ ጡረታም አይጠይቅማ። ሴቶቹ ይህን «ጥምቀት» ይሉታል። «ክርስቲያን አንዴ ነው የሚጠመቅ፤ እኛን ግን እስኪታክተን ነከሩን» ይሉ ነበር፣ ክር ማጠንጠኛው ላይ ከጎኔ የሚቆሙት እትዬ።

እትዬ ዘመዴ አልነበሩም፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ነው እንዲያ የምላቸው። ባለቤታቸው ወደ ሰሜን ዘምተው ስለቀሩ ሴት ልጆቻቸውን ብቻቸውን ነበር የሚያሳድጉ። ከእኔ በፊት ተቀጥረው፣ ሥራውንም እሳቸው አስተምረውኝ፣ እኔ ቋሚ ስሆን እሳቸው እንደተጠመቁ ቀሩ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም።

በኋላ ሳል ያዛቸው። የጥጥ ብናኝ ነው ብለን ናቅነው፤ እሱ ግን አልተዋቸውም። ከተማ ሐኪም ቤት ወረፋ መጠበቅ ከሥራ ያስቀራል፤ አንድ ቀን በቀረ ጊዜያዊ ሠራተኛ ቦታ ደግሞ ሌላ ሰው ይቆምበታል። ስለዚህ በመሀላችን የተለመደውን አደረግን። ጊዜያዊዋን ሲያማት አንዷ ቋሚ ሠራተኛ የፋብሪካው ክሊኒክ ገብታ «አመመኝ» ትልና ክኒኑን በመቀነቷ ቋጥራ ታመጣላታለች። እኔም ለእትዬ ሳልሁላቸው። የክሊኒኩ ድሬሰር አክታ አምጪ ሲለኝ የእሳቸውን ወሰድሁ።

የሳንባ ነቀርሳ ሆነ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ግን ደብቀንም አገኘን። ክኒንና መርፌ ታዘዘ። ክኒኑስ በመቀነት ይቋጠራል። መርፌው ግን እዚያው፣ የካርዱ ባለቤት ገላ ላይ ነው የሚወጋው፤ ካልተወጋሁ ደግሞ ክኒኑም አይሰጠኝም።

«ለድሬሰሩ ልንገረው እትዬ፤ ደግ ሰው ይመስላል» አልኋቸው፣ ከሥራ ወጥተን ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር እንደተቀመጥን።

«ተይ። አንችንም ያባርሩሻል። እኔንስ ነቀርሳ እንዳለብኝ እያወቀ ማን መልሶ ይቀጥረኛል? ልጆቼን ምን ላበላ ነው? ክኒኑ ይበቃኛል።»

ክኒኑ የሚበቃ መሰለን።

ድሬሰሩ ደመወዝ ያለው የሕመም ፈቃድም አሰጠኝ። ጤነኛዋ እኔ ቤቴ ስተኛ እትዬ ማሽኑ ላይ ይቆማሉ። በየማለዳው ተወግቼ ስወጣ ፋብሪካው በር ላይ ይጠብቁኛል፤ ክኒኑን እሰጣቸዋለሁ። «ዛሬስ አመመሽ? በሞቀ ውኃ ያዥው» ይሉኛል እየሳሉ። እናደድባቸው ነበር። የሚያልቁት እሳቸው፣ የሚታዘንልኝ እኔ።

ክረምቱ ሲገባ መቆም አቃታቸውና ቀሩ፤ በቦታቸው ሌላ ሴት ገባች። ልጆቻቸውን ይዘው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው መሸንቲ፣ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ክኒኑን ገበያ በሚመላለስ ሰው እልክላቸው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ መርዶው መጣ።

ቀብራቸው ላይ ውዬ በማግስቱ መርፌዬን ልወጋ ክሊኒክ ሄድሁ። ድሬሰሩ ደረቴን አዳመጠ፤ ፊቱ በደስታ ፈካ።

«ድነሻል እኮ፣ እኅቴ» አለኝ።

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ።