ሞተር የተኛበት ጎማ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ረስቻለሁ፤ ሁለተኛዋ ልጄ ጥርስ ታበቅል እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ወሩ ሰኔ ነበር። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ደርሶብኝ ብዙውን ረስቼዋለሁ። ይህኛው ከልቤ ያልወጣው፣ እውነቱን እያወቅሁ የማስረዳበት መንገድ አጥቼ ስለተቀመጥኩ ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ አጻጻፌን እለፉልኝ።

ጅማ ውስጥ የአንድ የቡና መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። የምነዳው አሮጌ ፒካፕ ነው። ሥራዬም ለቡና በሽታ የሚረጨውን መድኃኒትና የመርጫ ፓምፖቹን በአጋሮ መንገድ ላሉት እርሻዎች ማድረስ ነበር።

ግንቦት ላይ መኪናው ጠባዩን ለወጠብኝ። ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ በመስተዋቱ ከኋላ የማየው ሰው ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ፍሪሲዮን ስለቅ ከሥር አንድ ነገር ይመታል። ነዳጅ ስሰጠው የማርሹ ዘንግ ብቻውን ይወዛወዛል። ሞተር በብረቱ ላይ እንዲሁ አይቀመጥም፤ በግራና በቀኝ ወፍራም ጎማ ይደረግለታል፤ ንዝረቱን የሚውጠው እሱ ነው። ይሄ ጎማ ሳያረጅ አልቀረም ብዬ ጠረጠርኩ።

ሞተሩን አጥፍቼ ኮፈኑን ከፈትኩና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለቱም ጎማዎች ቦታቸው ላይ ናቸው። በጣቴ ዳበስኳቸው፤ ድፍን ናቸው። አለቃዬ "እንዴት ነው?" ሲለኝ "አይቼዋለሁ፣ ጎማው ደህና ነው" አልኩት። እሱም መዝገብ ላይ አሰፈረው። በኋላ መታሰሪያዬ የሆነችው ይህቺ ቃል ናት።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ መድኃኒት ጭኜ ስሄድ፣ የቡ የምትባለውን ከተማ አልፌ ቁልቁለቱ ላይ አንዲት የተጫነች በቅሎ መንገድ ገባች። ፍሬን ረገጥኩ። መኪናው ቆመ፤ ሞተሩ ግን አልቆመም፣ ወደ ፊት ተንሸራተተ። የሚሽከረከረው ማራገቢያ ራዲያተሩን በላው፤ ውኃው እንፋሎት ሆኖ ወጣ። ሞተሩም ተመልሶ ቦታው ላይ ተኛ። የበቅሎዋ ባለቤት ቀረብ ብሎ ተመለከተና "የእኔዋ ደህና ናት፤ ያንተዋ ናት የሞተችው" አለኝ።

ሌላ መኪና እስኪገኝ ሁለት ቀን ሄደ። ከዚያ ዝናቡ ጠና። በዝናብ የተረጨ መድኃኒት ታጥቦ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቡናው ሳይረጭ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች በቾ ቦሬ ሰፈር ካለው ቤቴ ወደ ቀበሌ ወሰዱኝ። ነገሩ አሻጥር ነው ተባለ። በዚያ ስም የተወሰደ ሁሉ አልተመለሰም።

ሊቀመንበሩ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። የአለቃዬን መዝገብ ፊቱ ዘርግቶ ጠየቀኝ።

"ጓድ ሾፌር፣ መኪናው በምን ተበላሸ?"

"ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ተበጥሶ ነው።"

"ደህና ነው ብለህ ያስመዘገብከው ጎማ?"

"አዎ።"

"እንግዲህ ወይ ያኔ ዋሽተሃል፣ ወይ አሁን እየዋሸህ ነው። ራስህ ምረጥ።"

ምን እመርጣለሁ? ዝምታዬም ተጻፈ።

ያስገቡኝ የድሮ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ስብሰባ ቀርቶ የታሰረ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ጉዳዬን ስነግረው "በመሬት የታሰረ አውቃለሁ፣ በምላሱ የታሰረ አውቃለሁ። በጎማ የታሰረ ሰው ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ" አለኝ። ሳቅን። በማግስቱ እሱ ተፈታ፤ ሳቁም አብሮት ሄደ።

ብቻዬን ስቀር የምሠራው ስላልነበረኝ ሞተሩን በሐሳቤ ስፈታና ስገጥም እውል ጀመር። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሞተር ከባድ ነው። ሲጠፋ ጎማው ላይ ይተኛል፤ ጎማው ተሰንጥቆ እንኳን ቢሆን ክብደቱ ስንጥቁን ገጥሞ ይይዘዋል። የሚታየው ሞተሩ ከላዩ ሲነሳ ነው። ወይ በክሪክ ትንሽ ይደገፋል፣ ወይ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ብድግ ሲል ይታያል። እኔ ያየሁት ተኝቶ ነው። አሁን ደግሞ አስነሥቼ እንዳላሳይ ራዲያተሩ ተበስቷል፤ ያለ ውኃ ሞተር ማስነሳት ሁለተኛ አሻጥር ነው።

የመሥሪያ ቤቱ መካኒክ ተላከና በእጅ ባትሪ አብርቶ አይቶ "ጎማው ሙሉ ነው" ብሎ ፈረመ። አልፈረድኩበትም፤ እኔ እንዳየሁት ነው ያየው። ሊቀመንበሩን "በክሪክ ጥቂት ብድግ ቢያደርጉት" ብዬ ለመንኩት። "አሁን ደግሞ ሥራ ልታዘን ጀመርክ" አለኝ።

ባለቤቴ ስንቅ ስታመጣ ወሬ ይዛ መጣች። ሐሙስ ፋይሌ ወደ አውራጃ ሊተላለፍ ነው። አውራጃ የተላለፈ ሰው ምን እንደሚሆን እሷም እኔም እናውቃለን። "ምነው ያኔ አላውቅም ብትላቸው ኖሮ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሾፌር ሆኜ አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። ሳህኑን መለስኩላት።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ተጠራሁ። ስገባ አንድ የማላውቀው ሰው ቆሟል። እጁ የጠቆረ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር የያዘ። አባ ነጃ ይሉታል፤ እዚያው ጅማ መርካቶ በሚባለው ገበያ ራዲያተር የሚበይድ ሰው ነው። መኪናውን እሱ ዘንድ ልከውት ኖሯል።

"ራዲያተሩን ብቻ ሥራ ብላችሁኛል" አለ። "የተጣመመው ማራገቢያ ነክሶት አልወጣ አለኝ። ሞተሩን በክሪክ ብድግ ባደርገው ይሄ አፉን ከፈተ።"

ጋዜጣውን ፈታው። ጎማው ሁለት ቦታ ሆኗል።

"ራሱ ቆርጦት ቢሆንስ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ሜ፣ እስቲ ተመልከቱ። ከዚህ እስከዚህ ዘይትና አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ የከረመ ቁስል ነው። ይህቺ ጥፍር የምታህለዋ ብቻ ንጹሕ ናት። ያን ዕለት የተቀደደችው እሷ ናት። ቢላ እንዲህ አይቆርጥም።"

"ታዲያ ለምን ደህና ነው አለ?"

"ወላሂ እኔም ብሆን ደህና ነው እል ነበር። ሞተር ተኝቶበት ማን ያየዋል? የራሳችሁ ባለሙያም አይቶ ሙሉ ነው ብሎ ፈርሟል አሉ። እሱንም ልታስሩት ነው?"

እኔ በልቤ አሁን ሁለታችንም አለቀልን አልኩ። ሊቀመንበሩ ቁራጮቹን ሲያገላብጥ ብዙ ቆየ። አውራ ጣቱ ጠቆረ፤ በመዝገቡ ጥግ ጠረገው። ከዚያ ቀና ሳይል "በማስጠንቀቂያ ተለቀሃል" አለኝ።

ውጭ ስንወጣ የአባ ነጃን እጅ ልስም ጎንበስ አልኩ። ክንዴን ይዞ አቆመኝ።

"ተው ሰውዬ። ላንተ ብዬ አይደለም የመጣሁት። ራዲያተሩን በይጄ ብሰጥ ማራገቢያው ተመልሶ ይበላዋል። ያኔ የምታሰረው እኔ ነኝ።"

ይህን ብሎ ወደ መርካቶ ቁልቁል ሄደ። መለዋወጫ ስላልነበረም ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ቆርጦ ሠራለት፤ ብዙ ነዳሁበት።

አነጋገሩን ለብዙ ዓመት ሳስበው ኖሬያለሁ። ለራሱ ከሆነ ጎማውን ቀይሮ ዝም ማለት ይበቃው ነበር። ባለሙያ የፈረመውን ሊያፈርስ እዚያ ቢሮ መግባት አይጠበቅበትም። ውለታ እንዳይከብደኝ ብሎ ይመስለኛል እንዲያ ያለኝ።

አሁን አርጅቻለሁ። የታሰርኩበትን ሳስታውስ ብዙም አይከፋኝም። የሚከፋኝ ሌላ ነው። መጋዘኑ ውስጥ እሱ ተቀምጦ፣ ክሪኩ በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። የተበጠሰውን ጎማ አይቼ፣ ግራ ቀኝ ተመልክቼ፣ ቆሻሻ ላይ እጥለው ነበር። ይህን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም።