ብሎኩን ያስለቀሰው ማርሚታ

ቦሌ አራብሳ፣ እኛ ብሎክ ውስጥ እሸቴን የማያውቅ ሰው የለም። ፒካፑን የሚያቆመው ምድር ቤት ካለችው ቤቴ መስኮት ሥር ነው፤ ስለዚህ ከሚስቱ ቀጥሎ ስለ እሱ የማውቅ እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እንደምን አደርክ ሲሉት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ድሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። አለቃ ከኋላ ተቀምጦ በስልክ የሰው ሥጋ ሲበላ፣ ሹፌር ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ፊት ፊቱን ያያል። "ያ ሥራ ወጣትነቱን ሲበላው ምላሱንም አብሮ በላው" ትላለች ሚስቱ ዳናይት።

ዳናይት የእሱን ድርሻ ጨምራ ታወራለች። ተወልዳ ያደገችው መቀሌ ነው፤ አዲስ አበባ መጥታ ሾላ ገበያ ቅመም ስትሸጥ ነው የተገናኙት። እንዴት እንደተግባቡ እግዜር ይወቅ። እሱ ሥራውን ሲለቅ ይቺን አሮጌ ነጭ ፒካፕ ገዛ፤ ከኋላዋ "ቀስ ብሎ ደራሽ" የሚል ተጽፎባታል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ያለ ሰው እርዳታ መጀመሪያ ያነበብኩት ይህንኑ ጽሑፍ ስለሆነ መኪናዋን እወዳታለሁ።

ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ሾላ ይሄዳሉ፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ ጭነው ይመለሱና ከብሎክ ብሎክ እየዞሩ ይሸጣሉ። እሱ ይነዳል። እሷ ትመርጣለች፣ ትከራከራለች፣ ትመዝናለች። ዳናይት ቲማቲም ስትመርጥ ማየት ደስ ይላል፤ እንደ ሌላው ሰው ጨመቅ ጨመቅ አታደርግም። አንዴ መዳፏ ላይ ታገላብጠውና ወይ ትወስደዋለች ወይ ነጋዴውን በዓይኗ ትገርፈዋለች።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ዳናይት አረገዘች። ስንት ዘመን የተጠበቀ ነገር ነው። ብሎኩ በሙሉ ደስ አለው፤ እሸቴ እንኳ ሰላምታ ሲሰጥ ከንፈሩ ፈገግ ማለት ጀመረ። ችግሩ የመጣው ከፒካፗ ነው። ማርሚታው፣ ያ ከመኪና ሆድ ሥር ተንጋሎ ጭሱን ወደ ኋላ የሚያስወጣው ቱቦ፣ ዝጎ ተበሳስቶ ኖሯል። ጭሱ ጋቢና ውስጥ ይገባል።

"እሸቴ፣ ራሴን አመመኝ" ትለዋለች።

"መስኮት ክፈቺ።"

"ስከፍተው የአውቶቡሱ ጭስ ይገባል፤ ስዘጋው ያንተ። የትኛውን ልምረጥ?"

አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ፊቷ ነጥቶ፣ በሩን ተደግፋ ወረደችና እዚሁ መስኮቴ ሥር ቁርጡን ነገረችው። "ይሄ ካልተሠራ ሁለተኛ ጋቢናህ ውስጥ አልገባም። ብቻዬን ብሆን ዝም እል ነበር። አሁን ብቻዬን አይደለሁም።"

ዳናይት ብቻዋን ብትሆንም ዝም እንደማትል ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን እውነቷን ነው። ያን ሳምንት እሸቴ ለብቻው ሾላ ሄደ። ይዞት የመጣውን ሽንኩርት አይተን ጉድ አልን። ከራሱ ላይ አረንጓዴ ቡቃያ አውጥቷል።

"እሸቴ፣ ይሄ የሚበላ ነው የሚተከል?" አለችው ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ኣምለሰት።

ሌላዋ ድንቹን አገላብጣ መልሳ ጣለችው። "ኧረ ዳናይት ትምጣልን! አንተን ያገኘ ነጋዴማ መጋዘኑን አጸዳብህ።"

እሱ ሸራውን አንስቶ ዕቃውን መሸፈን ጀመረ። እኔ ግን አየሁት፤ ሸራውን ሲያለብስ ባዶዋን ወንበር በመስኮት አሻግሮ ያያት ነበር። እሷ ከጎኑ ካልተቀመጠች ሥራውም ሥራ አይሆንም፣ መንገዱም መንገድ አይሆንም። ያን ለማወቅ ማውራት አያስፈልገውም።

በማግስቱ ማርሚታውን ሊያስቀይር ሃያ ሁለት ሰፈር ሄደ። ጋራዥ መግባት ሲገባው፣ የመኪና ጌጣጌጥ ከሚሸጥ አብኔዘር ከሚባል ጎረምሳ እጅ ወደቀ። የሆነውን ኋላ ራሱ ነው የነገረኝ።

"ጋሼ፣ ይሄንን ካስገጠምክ መኪናህ ሌላ ሰው ትሆናለች" አለው አብኔዘር፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ባለ ሁለት አፍ ማርሚታ እያሳየው። "ፉል ስፖርት ነው! ሳውንዱን ስማው እስቲ። ሸገር አንገቷን አዙራ ነው የምታይህ!"

እዚያው የቆመች አንዲት መኪና አስነስቶ ነዳጅ ረገጠለት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። በቃ፣ እሸቴ ተያዘ። በዚያች ደቂቃ ዳናይትን ረስቷል ማለት አልችልም፤ ራስ ምታቷን ግን ሳይረሳ አልቀረም።

ተገጠመለት። ዳናይትን ላስገርማት ብሎ፣ ማታ ሲገባ ከግቢው በር ጀምሮ ሞተሩን አጥፍቶ በዘበኛው እያስገፋ ነው መስኮቴ ሥር ያቆማት። እኔም ሳልሰማ ተኛሁ።

እዚህ ላይ የእድራችንን ነገር ልንገራችሁ። እድራችን ቴሌግራም አለው። መዋጮ ቢሆን ስብሰባ ቢሆን በዚያ ይነገራል። ሞት ግን በስልክ አይነገርም ብለን ጥሩምባውን አልተውነውም። ንጋት ላይ ጥሩምባ ከተነፋ አንድ ሰው አርፏል ማለት ነው፤ ማንም ቤቱ አይቀመጥም።

ንጋት ላይ ተነፋ።

"ኡኡኡ... ኡኡኡኡ!" መስኮቴ ተንቀጠቀጠ። ወይኔ ማን ይሆን ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ደረጃው ሁሉ ሰው በሰው ነው፤ ሴቱ ነጠላ አዘቅዝቋል፣ ወንዱ ጋቢውን ደርቧል። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም በልቡ ያውቃል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጋሽ ዑቕባዝጊ ሳል ጠንቶባቸው ሰንብተዋል። ተያይዘን ወደ እሳቸው በር ወጣን። ከሁሉም ቀድማ ሙሾ ያወጣችው ኣምለሰት ናት፤ ያቺ በውሃ ሮቶ ምክንያት ስትነታረካቸው የኖረችው!

"ወይኔ ጋሽዬ! የማይቆጣው! የማይጣላው! ውሃውን ለሰው ትቶ እሱ የሚጠማው!"

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ዑቕባዝጊ ጋቢ ለብሰው፣ መፋቂያ አፋቸው ውስጥ እንዳለ ቆመዋል።

"ማን ነው የሞተው?" አሉ።

አንዷ አማተበች። እሳቸው ሁላችንንም አንድ በአንድ ካዩ በኋላ መፋቂያውን አወጡ። "ኣምለሰት፣ ስለ ውሃው ያልሽውን በምስክር ፊት ድገሚልኝ። ቃል ይያዝልኝ!"

ከታች ደግሞ "ኡኡኡኡ!" አለ። ሁላችንም በደረጃው ብረት ላይ ተንጠልጥለን ወደ ታች አየን። እሸቴ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ፣ የቀዘቀዘ ሞተሩን እያሞቀ ነዳጅ ይረግጣል። ይስቃል። ጥርሱን ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ዳናይት እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። ቀስ ብላ ወረደችና መኪናዋ ፊት ቆመች።

"አንተ ነህ?"

"አዲስ ማርሚታ ነው" አለ እሸቴ። "ላንቺ ነው።"

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን ሳቁ ቀደማት። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ አስፋልቱ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። እኛም ከላይ ሳቅን፤ ጋሽ ዑቕባዝጊም ሳቁና ሳሉ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ዳናይት ያው ዳናይት ናት። የታጠበ ነጭ ነጠላ ከቤት አምጥታ ሰጠችው። "ይቺን ወንበሬ ላይ አንጥፋት። መስኮቱን ጠርቅመህ ሾላ ደርሰህ ተመለስ። በኔ ፋንታ እሷ ትሂድ።"

ሄደ። መሄዱን አያት መንደር ድረስ ያሉ ሰዎችም ሳይሰሙት አልቀሩም። ሲመለስ ዳናይት ነጠላዋን አንስታ አሸተተችና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችልኝ። "እማማ ምንትዋብ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ።"

ምን እላለሁ? ነጠላዋ ጭስ ጭስ ትላለች። ዳናይት በወንበሯ በኩል ምንጣፉን ገለጠችው፤ ወለሉ ጥላሸት ጠጥቷል፣ በቀዳዳው ታች ያለው መሬት ይታያል። አብኔዘር የቀየረው ኋላዋን ብቻ ኖሯል። ጭሱ የሚያመልጠው ደግሞ ከፊት ነው፣ ቱቦው ከሞተሩ ጋር ከሚገናኝበት።

"ጅራቷን አስጌጥክ" አለችው ዳናይት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ጉሮሮዋ ግን እንደተቀደደ ነው።"

ነጠላዋን ይዛ ወደ ቤቷ ወጣች። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። እሸቴ መስኮቴ ሥር ካለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አንድ ኩባያ ውሃ ሰጠሁት። ጠጥቶ፣ ኩባያውን እያዞረ ከእሱ ሰምቼው የማላውቀውን ያህል ረጅም ነገር ተናገረ።

"እማማ፣ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ጥሩ ሹፌር የሚባለው ድምፁ የማይሰማ ነው። የኔም ድምፅ አይሰማም፣ የመኪናዬም አይሰማም። የማርሚታውን ድምፅ ስሰማ ... እሸቴ መጣ እንዲባል አማረኝ።"

"መጣ ተባለ እኮ ልጄ" አልኩት። "ተለቀሰም።"

ሳቅ አለና ኩባያውን መለሰልኝ። ከዚያ ተነስቶ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወደ ሚስቱ ወጣ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ብቻ ትንሽ ቆይተው አብረው ወረዱ፤ እሱ በፒካፗ፣ እሷ በታክሲ ተከትላው ጉርድ ሾላ ወዳለ ጋራዥ ሄዱ።

መካኒኩ ገብረእዝጊ የሚባል ነው። የተበላውን ወለል በየደው፤ ቱቦውን ከሞተሩ ሥር ጀምሮ አዲስ አደረገው፤ መገናኛውን አሸገው፤ ድምፅ የሚያፍን ደህና ማርሚታ ገጠመለት። ዳናይት የቲማቲም ነጋዴ ላይ እንደምትቆመው ራሱ ላይ ቆማ ነበር። መጨረሻ ላይ ገብረእዝጊ ያንን የሚያበራ ባለ ሁለት አፍ አንስቶ "ይሄንንስ ልጣለው?" ሲል፣ እሸቴ መሬት መሬቱን አየ።

"አፉን ግጠምለት" አለች ዳናይት። "ድምፁን ብቻ ውሰድበት።"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ነው። ለልቅሶ ሳይሆን ለማየት። እሸቴ ሞተሩን አስነሳና ወረደ። ሞተሯ ልክ እንደ ጠገበች ድመት ሆዷ ውስጥ ታንጎራጉራለች። ዳናይት ገባች፤ በሩን ዘጋች፤ መስኮቶቹን እስከ ላይ ድረስ ጠረቀመች። እሱ ውጭ ቆሞ ፊቷን በመስታወቱ ያያል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። እጇ ሆዷ ላይ ነው። ጋሽ ዑቕባዝጊ እንኳ ሳላቸውን ውጠዋል።

ቆየች። እሸቴ ቁልፉ መኪናዋ ላይ እንዳለ ረስቶ ኪሱን ይፈታትሻል።

መስኮቱ ወረደ።

"ምን ትገተራለህ?" አለችው። "ደህናው ቲማቲም እኮ አለቀብን!"

እየሮጠ ዞሮ ገባ። ፒካፗ ስትወጣ አልሰማኋትም። የዳናይትን ድምፅ ግን ከግቢው በር አልፎ እስኪርቅ ድረስ ሰማሁት፤ በመገናኛ በኩል እንዳትሄድ፣ መንገዱ ዝግ ነው እያለችው ነበር።