የአጎቴ ግራ ክንድ

አንድ ሰው ክንዱን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ መቀመጡ ለመታሰቢያ የሚበቃ ታሪክ መሆኑን እጠራጠራለሁ። አጎቴን ሳስብ ግን ከዚያ ሌላ አይታየኝም።

ከቤተሰባችን ፀሐይ የማይችል ነጭ ቆዳ ይዘን የተወለድነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ቡሬ ገበያ ስንወጣ ልጆቹ «ፈረንጆቹ መጡ!» ይሉናል። አጎቴም «ታዲያ ጃንጥላችንን ያዙልን እንጂ!» ይሏቸዋል።

ከአዲስ አበባ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በተላከልኝ ቁጥር የግራ ክንዳቸውን እኩሌታ ይቀቡና ሌላውን ባዶ ትተው ደጅ ይቀመጣሉ። የቱ ቶሎ እንደሚቀላ ያያሉ።

«አያ፣ ይበቃል፤ ይግቡ» እላቸዋለሁ።

«መጀመሪያ እኔ ልቃጠል። አንች ቆይ!»

ውሎ አድሮ ባዶ በሚተዉት ቦታ ላይ የወጣ ቁስል አልድን አለ። ያንን ክንድ ማየት እፈራ ጀመር።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። መምህራችን የእንዲህ ያለ ቅባት ኃይል በቤተ ሙከራ እንዴት እንደሚለካ አስረዱን፤ ከቆዳው ከፊሉ ተቀብቶ፣ ከፊሉ ሳይቀባ ጠንካራ መብራት ይበራበታል፤ ሁለቱ መቅላት የሚጀምሩበት ጊዜ ይነጻጸራል። እዚያ መብራቱ ቆዳው ገና ሲቀላ ይጠፋል። ለአጎቴ ፀሐይን የሚያጠፋላቸው አልነበረም።

በሚመጣው ሳምንት እኛ ተማሪዎች ከድርቅ አገር ለመጡ ሰፋሪዎች ጎጆ ልንሠራ እንዘምታለን፤ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ነን። አዲስ ቅባት ተልኮልኛል። እስካሁን አልከፈትኩትም። ክዳኑን እይዝና ቀድሞኝ የሚዘረጋውን ክንድ እጠብቃለሁ።

የአጎቴ ሙከራ ከዕድሜያቸው ጋር ያበቃው ሰኔ 12 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው።