ከመጽሐፌ የጎደለችው ቅጠል

የልጅነት ትዝታዬን የያዘውን የመጀመሪያ መጽሐፌን በራሴ ላሳትም ስነሳ ዕቅዴን በደብተር አሰፈርኩ፦ ሽፋን፣ ማተሚያ ቤት፣ አዳራሽ፣ የምረቃ ቀን። አንድ ሰው ብቻ ማማከር ረሳሁ፤ አባቴን። ለነገሩ አልረሳሁም፤ ንቄ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በገሳይ ዙሪያ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጽሐፍ ሲጠርዙ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ የደብረ ታቦር መምህር፣ በኮምፒውተር የጻፍኩ ዘመናዊ! በጅማት ከሚሰፋ ሰው ምን እማራለሁ?

ያሳተምኩት ሁለት መቶ መጽሐፍ በሚኒባስ ጣሪያ ተጭኖ ከምረቃው አምስት ቀን በፊት ደረሰ። አንዱን ለሥራ ባልደረባዬ ዘርጋ አድርጌ ሳሳየው ገጾቹ እግራችን ሥር ተበተኑ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ለካ በሙጫ ብቻ ነው የተጣበቀው፤ ሙጫው ደግሞ የአገራችንን ብርድ ሲቀምስ ተሰነጣጥቋል።

"ግድ የለም፣" አለኝ ባልደረባዬ ሳቁን እየዋጠ፣ "እንደ በራሪ ወረቀት ትበትነዋለህ።"

ጥሪው ለከተማው ሁሉ ደርሷል። ጉድ ፈላ! ካርቶኖቹን አስጭኜ ገሳይ ሄድኩ።

አባቴ አንዱን አገላብጠው አዩት። "ማን ሰፋው?"

"አልተሰፋም አባባ፣ በሙጫ ነው።"

"ሙጫ! ያልተሰፋ መጽሐፍ እኮ መቀነት እንደሌለው ቀሚስ ነው። ቀድሞ ብትጠይቀኝ ምን ትሆን ነበር?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። "አጥፍቻለሁ አባባ፣" አልኩ።

አራት ቀን ሙሉ ወስፌያቸውን ይዘው ሰፉ፤ እኔ ክር በሰም እቀባለሁ። እየሰፉ ያነባሉ፣ አንዳንዴም ፈገግ ይላሉ። አንድ ጊዜ ግን ወስፌውን አስቀምጠው ወደ ደጅ ወጣ አሉ። ደክሟቸው መሰለኝ።

በምረቃው ቀን መጽሐፉ ቢጎትቱት አይላቀቅም። ኩራቴ ለከት አልነበረውም፤ አንድ መምህር እጁን አውጥቶ "ገጽ አርባ ሰባትና አርባ ስምንት የታሉ?" እስኪል ድረስ። አዳራሹ ሁሉ ገለጠ። ሁለቱ ገጾች ያሉባት ቅጠል ከሁሉም ጎድላለች።

ያቺን ቅጠል አውቃታለሁ። አባቴ አዲስ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ሰርግ ሲሄዱ ከበቅሎ ላይ ጭቃ ውስጥ የወደቁባት ናት። ነፍሷን ይማርና እናቴ እሳቸውን በማንሳት ፈንታ ሆዷን ይዛ መሬት ተቀምጣ እንዴት እንደሳቀች የጻፍኩባት። ፊት ወንበር ላይ ያሉትን አባቴን አየሁ። ጣሪያውን ይመረምራሉ።

"የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው፣" ብዬ ዋሸሁ።

ስንወጣ ጠየቅኋቸው። "ምን አደረጓት?"

"አቃጠልኳት። የአገር መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?"

በስፌታቸው ባመሰግናቸውም በዚህ ተናደድኩ፤ ወር ያህል ገሳይ አልረገጥኩም።

ከዓመታት በኋላ ዓይናቸው ደከመ። አንድ ቀን የጸሎት መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ አውጥቼ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ስገልጠው በብራናው መካከል አንዲት የወረቀት ቅጠል በጅማት ተሰፍታለች፤ ጠርዟ ከመነካካት ብዛት ጠቁሯል። አርባ ሰባት ይላል።

"እሷን አንብብልኝ፣" አሉ። "እናትህ የምትስቅባትን።"